ረጅም ሌንስና አጭር ትዕግሥት

በ1996 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አንድ ወዳጄ ካሜራውን ከነረጅም ሌንሱ አዋሰኝ። ሌንሱ ባለ 300 ሚሊ ሜትር ነው። እጅ ላይ ሲይዙት እንደ ዘነዘና ይከብዳል። ‹‹ይሄ ካለህ እንስሳው ጋ መጠጋት አያስፈልግህም፤ ከሩቅ ያመጣልሃል›› አለኝ። አመንኩት። አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ባሌ፣ ዲንሾ ገባሁ።

ዲንሾ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለባት ትንሽ ከተማ ናት። የደጋ አጋዘንን በቅርብ ለማየት ጥሩ ቦታ ናት። የደጋ አጋዘን ስላችሁ ግር እንዳይላችሁ፤ ኒያላ የምንለው ነው። ኒያላን በስም የማያውቅ የለም። የኢንሹራንስ ስም ነው፤ የሲጋራ ስም ነው፤ የመኪና ሻጭ ስም ነው። አስር ሳንቲማችን ላይም ተቀርጿል። ግን ስንቶቻችን ነን ያንን ሳንቲም ለታክሲ ረዳት ከመስጠታችን በፊት ‹ይሄ ቀንዳም ማነው?› ብለን ገልብጠን ያየነው? እንስሳውን ራሱን ያየውማ ከዚያም ያንሳል።

እናላችሁ፣ ሁለት ቀን ሙሉ ሮጥኩ። አጋዘኖቹ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲገቡ እኔም እገባለሁ፤ ሜዳ ላይ ሲወጡ እኔም እወጣለሁ። ሲሸሹ እያለከለክሁ ሌንሱን አነሳና ቀጭ! ቀጭ! አደርጋለሁ። አብረውኝ የተመደቡት ስካውት በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ካኪ ካፖርታቸውን ደርበው ከኋላዬ ቀስ ብለው ይመጣሉ። አንድ ጊዜ ብቻ ‹‹ልጄ፣ ምን አስቸኮለህ? እነሱ እኮ እዚሁ ነው የሚያድሩት›› አሉኝ። እኔ ግን አዳሬ ያሳስበኛል፤ ፊልሜም ሊያልቅ ነው። አልሰማኋቸውም።

ስንለያይ እንዲህ አሉኝ። ‹‹እዚህ መጥቶ ፎቶ የሚያነሳ ሁሉ እልክልሃለሁ ይላል። እስካሁን አንድም አልደረሰኝ። አንተ ግን የአገር ልጅ ነህ።›› ‹‹እናቴን እልክልዎታለሁ፣ ጋሼ!›› ብዬ ማልኩ።

አዲስ አበባ ተመልሼ ፊልሙን ሳሳጥብ ጉዴ ፈላ። ከ36ቱ አንዱም ጥርት ያለ አልነበረም። ሁሉም ብዥ ብሏል። የፎቶ ቤቱ ልጅ ፎቶዎቹን እያገላበጠ ‹‹ወንድሜ፣ ምን እየተቃጠለ ነበር?›› አለኝ። መሐላ ነውና፣ ሻል ያለችውን መርጬ ወደዚያ ለሚሄድ ሰው ሰጠሁት። ሰውዬው ሲመለስ ሽማግሌው ያሉትን ነገረኝ። ፎቶውን አንዴ ወደ ላይ፣ አንዴ ወደ ጎን አዙረው አዩትና ‹‹ላም ናት?›› አሉ።

ይህቺ ‹ላም ናት?› እንቅልፍ ነሣችኝ። ጥፋቱን ሌንሱ ላይ እንዳላደርግ ወዳጄ በዚያው ሌንስ የወፍ ላባ እስኪቆጠር ድረስ ያነሳል። ስለዚህ ስለ ነገሩ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ያነበብኩት ስለ ሌንስ ይሆናል ብዬ ነበር፤ ስለ ጠመንጃ ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት፣ ወደ ዲንሾ እስክመልሳችሁ ድረስ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዱር እንስሳን ‹ማወቅ› ማለት መግደል የነበረበት ዘመን ሩቅ አይደለም። ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል በ1830ዎቹ አገራችን መጥቶ ሰሜን ተራሮችን ካየ በኋላ ዋልያንና ቀይ ቀበሮን ለሳይንስ ዓለም አስተዋወቀ። ሰብስቦ ያጠራቀማቸው ናሙናዎች ፍራንክፈርት ሙዚየም ገቡ። የእኔዋ የደጋ አጋዘን ደግሞ እስከ 1908 ድረስ ፈረንጅ አያውቃትም ነበር። በዚያ ዓመት ሜጀር አይቨር በክስተን የተባለ እንግሊዛዊ አንዱን ተኩሶ ገደለ። በ1910 ሪቻርድ ላይደከር የተባለ የእንስሳት ሊቅ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣላት የገዳይዋን ስም ሰጣት። እስከ ዛሬም ‹በክስተኒ› እየተባለች ትጠራለች። የገደላት ሰው ስም ወጣላት ማለት ነው።

በፈረንጅ ብቻ አንፍረድ። እኛም አገር ገዳይ ክብር ነበረው። አንበሳ ወይም ዝሆን የጣለ ሰው ይፎክራል፤ ይዘፈንለታል፤ ጎፈር ራሱ ላይ አድርጎ አደባባይ ይወጣል። ገዳይ መባል ማዕረግ ነበር። ታዲያ ገዳይ ምስክር ያስፈልገዋል። ጥርስ፣ ጭራ፣ ቆዳ ይዞ ካልመጣ ማን ያምነዋል? ፎቶግራፍም ወደ ዱር ሲገባ መጀመሪያ የተፈለገው ለዚሁ ነበር፤ ‹ነበርኩ፣ አየሁ፣ አገኘሁት› ለማለት።

ከሁሉ የገረመኝ ግን ካሜራው ራሱ በጠመንጃ አምሳል መሠራቱ ነው። ኤቲዬን ዡል ማሬ የተባለ ፈረንሳዊ የሰውነት አሠራር ተመራማሪ ወፍ እንዴት እንደምትበር ማወቅ ፈለገ። በ1882 አፈሙዝ፣ ሰደፍና ቃታ ያለው ካሜራ ሠራ። ወደ ወፏ አነጣጥሮ ቃታውን ሲስብ በአንድ ሰከንድ 12 ምስል ይይዛል፤ እያንዳንዱ ምስል የሚነሳውም በሰከንድ 720ኛ እጅ ነው። ማሬ ኔፕልስ አጠገብ ሆኖ ወፎች ላይ ያልማል፤ ቃታ ይስባል፤ ወፏ ግን አትወድቅም። የሰፈሩ ሰዎች የሚያደርገው ግራ ገብቷቸው ‹የፖሲሊፖው ጅል› ይሉት ነበር ይባላል። ጠመንጃ ይዞ የማይገድል ሰው ከጅል ሌላ ምን ይባላል?

እንግሊዞች ፎቶ ሲያነሱ ዛሬም ‹ተኮስኩ› ነው የሚሉት። እኛ ግን ፎቶ እናነሳለን። የወደቀን እናነሳለን፤ የተረሳን ሰው ስም እናነሳለን፤ ፎቶም እናነሳለን። ይህንን ቃል ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ማንም ያውጣው፣ ከፈረንጁ ቃል የተሻለ መርጧል። ችግሩ እኔ ዲንሾ ላይ ሳነሳ ሳይሆን ስተኩስ መዋሌ ነበር።

ወደ ሌንሱ ልመለስ። ሩቁን የሚያቀርብ ሌንስ ለካሜራ የሠሩት እንግሊዛዊው ቶማስ ዳልማየርና ጀርመኖች ናቸው፤ ሁሉም በአንድ ዓመት፣ በ1891። ብልሃቱ እንዲህ ነው። ከፊት ብርሃን የሚሰበስብ መስታወት ይደረጋል፤ ከኋላ ደግሞ ብርሃኑን መልሶ በመጠኑ የሚበትን ሌላ መስታወት ይደረጋል። በዚህ የተነሳ ሌንሱ ራሱ ሳይረዝም እንደ ረጅም ሌንስ ያጎላል። ቴሌፎቶ የሚባለው ይሄ ነው። ዳልማየር በ1899 መጽሐፍ ጻፈበት። ሰዉም ‹በቃ፣ ከእንግዲህ አንበሳ መጠጋት ቀረ› አለ። ልክ እንደ ወዳጄ።

አልቀረም። ለምን? ረጅም ሌንስ እንስሳውን ብቻ አይደለም የሚያጎላው። ባለ 300 ሚሊ ሜትሩ ሌንስ ከተለመደው ባለ 50 ጋር ሲተያይ ስድስት እጥፍ ያቀርባል። የእጅህንም መንቀጥቀጥ ስድስት እጥፍ ያደርገዋል። የልብ ምትህ፣ ማለክለክህ፣ ነፋሱ፣ ሁሉም ፎቶው ላይ ይገባል። ስለዚህ ከድሮ ጀምሮ ባለሙያዎች የሚመሩበት ሕግ አለ። ሌንሱ 300 ከሆነ ካሜራው ከሰከንድ 300ኛ እጅ በፈጠነ ጊዜ ይከፈትና ይዘጋ፤ 500 ከሆነ ከ500ኛ እጅ በፈጠነ። እኔ ስንት ላይ አድርጌው ነበር? 125ኛ ላይ። ያውም እየሮጥኩ!

ፍጥነት ደግሞ ብርሃን ይፈልጋል። የጥንቱ ረጅም ሌንስ ብርሃን የሚያስገባው በጥቂቱ ነበር። ያን ጊዜ ምስሉ የሚያርፍበት የመስታወት ሰሌዳም ብርሃን በቶሎ አይቀበልም። ስለዚህ ሌንሱ ለረጅም ጊዜ ክፍት መሆን ነበረበት፤ አንበሳ ደግሞ እንደ ሙሽራ ቀጥ ብሎ አይቆምልህም። ቀጥሎ የጥራቱ ስፋት አለ። ረጅም ሌንስ አጥርቶ የሚያሳየው ስስ ርቀትን ብቻ ነው፤ አፍንጫው ጥርት ካለ ዓይኑ ይደበዝዛል። በመጨረሻም አየር አለ። ሁለት መቶ ሜትር ርቀት ላይ ያለን እንስሳ ስታነሳ ሁለት መቶ ሜትር አየር አብረህ ታነሳለህ። ረፋዱ ላይ መሬቱ ሲሞቅ ያ አየር እንደ ፈላ ውሃ ይንተከተካል። ይህንን የሚያጠራ ሌንስ እስከ ዛሬ አልተሠራም።

ስለዚህ የድሮዎቹ ሰዎች ምን አደረጉ? ገሚሶቹ ሌንሱን ትተው ተጠጉ። ካርል ጌኦርግ ሺሊንግስ የተባለ ጀርመናዊ የዛሬዋ ታንዛኒያ በጀርመን እጅ በነበረችበት ዘመን እዚያ እየተመላለሰ የማግኒዚየም ዱቄት በሌሊት እያነደደ አንበሳና ጅብ አነሳ። በ1905 ያሳተመው መጽሐፍ ርዕስ ‹በፍላሽና በጠመንጃ› ማለት ነው። በአንድ እጁ ካሜራ፣ በሌላው ጠመንጃ። ለአንዳንዱ ፎቶ አንበሳ እንዲመጣ በሬና አህያ ዛፍ ላይ ያስር ነበር። የፎቶውን ጥራት የከፈለችው አህያዋ ናት። ራድክሊፍ ዳግሞር ደግሞ በ1909 ምሥራቅ አፍሪካ ውስጥ እየተንደረደረ የመጣበትን አውራሪስ 14 ሜትር ያህል ሲቀረው አነሳው። አጠገቡ ጠመንጃ የያዘ ጓደኛው ቆሞ ነበር።

በዚያው ዘመን ኤድዋርድ ኖርዝ በክስተን የተባለ ሌላ እንግሊዛዊ አዳኞች ጠመንጃቸውን በካሜራ እንዲተኩ በ1902 ባሳተመው መጽሐፍ ለመነ። ልብ በሉ፤ አንዱ በክስተን ‹ካሜራ ያዙ› ባለ በስድስት ዓመቱ ሌላው በክስተን የእኛን አጋዘን ተኮሰ።

ገሚሶቹ ደግሞ ሌላ መንገድ መረጡ፤ መቀመጥን። ሪቻርድና ቼሪ ኪርተን የሚባሉ የእንግሊዝ ገበሬ ልጆች፣ ወንድማማቾች፣ የወፍ ጎጆ ለማንሳት ያልሆኑት የለም። በ1900 የበሬ ቆዳ በእንጨት ላይ ወጥረው ውስጡን ክፍት አደረጉና አንዱ ከነካሜራው ገብቶ እንደ በሬ ሜዳ ላይ ቆመ። ወፏ በሬ አይታ አታውቅም? ታውቃለች። ስለዚህ አልሸሸችም። ከእነሱ በኋላ የመጣው ኤሪክ ሆስኪንግ በ1937 ጉጉት ሲያነሳ ጉጉቷ ፊቱን ቧጭራው አንድ ዓይኑ ጠፋ። ሙያውን አልተወም። በቀረው አንድ ዓይኑ ለአሥርት ዓመታት ወፍ ሲያነሳ ኖረ። ዓይኑን ያጠፋችውን ጉጉት ቂም አልያዘባትም፤ ልጆቿን ነበር የምትጠብቀው።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ የፋብሪካዎች ታሪክ ነው። በ1959 ኒኮን ኤፍ የተባለው ካሜራ ወጣ፤ በሌንሱ በኩል ያየኸውን ያንኑ ታነሳለህ። በ1985 ሚኖልታ 7000 ራሱ የሚያስተካክል ፎከስ ይዞ መጣ። በ1995 ካኖን የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያካክስ ሌንስ አወጣ። ከ2019 ጀምሮ ደግሞ የእንስሳን ዓይን ራሳቸው ፈልገው ፎከሱን እዚያው ላይ የሚተክሉ ካሜራዎች ገበያ ላይ ዋሉ። የዛሬ ልጅ በሰከንድ 20 ፎቶ ያነሳል፤ ማሬ በ1882 ካነሳው ብዙም አይርቅም።

ይሄ ሁሉ ሲሆን ግን ያልተቀየረ ነገር አለ። መንቀጥቀጥ የሚያጠፋው ሌንስ የሚያረጋው ያንተን እጅ ነው፤ እንስሳውን አያረጋውም። በርግጎ የሚሮጥን አጋዘን፣ ፈርቶ ጆሮውን የቀሰረን ቀበሮ የሚያረጋጋው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ያንተ መቀመጥ። ረፋዱን አየርም ማለዳ በመነሳት እንጂ በገንዘብ አታጠራውም።

‹እሺ፣ ጥርት ቢል ባይል ምን ለውጥ አለው? ፎቶ አይደል እንዴ?› የሚል አይጠፋም። እኔም ብዬ ነበር። በ1960ዎቹ አጋማሽ ኢየን ዳግላስ ሃሚልተን የተባለ ወጣት ታንዛኒያ ማንያራ ሐይቅ አጠገብ ዝሆኖችን ሊያጠና ገባ። የዝሆን ጆሮ ጠርዙ ይቀደዳል፤ ይበሳል፤ የአንዱ ቅድ ከሌላው አይገጥምም። እሱም እያንዳንዱን ዝሆን በጆሮውና በጥርሱ ለይቶ ፎቶ አንስቶ፣ ስም አውጥቶ መዘገበ። ማን የማን እናት እንደሆነች፣ ማን ከማን ጋር እንደምትውል በዚህ መንገድ ታወቀ። በ1970 የታተመ አንድ ጥናት ደግሞ አንበሶችን በጢማቸው ሥር ባሉት ነጠብጣቦች አንድ በአንድ መለየት እንደሚቻል አሳየ።

ይታያችሁ። ጠመንጃው የሰጠን የዘሩን ስም ነው፤ ‹ዝሆን›፣ ‹አንበሳ›፣ ‹አጋዘን›። ጥርት ያለው ፎቶ የሰጠን ‹ይቺ ዝሆን›፣ ‹ያ አንበሳ› ማለትን ነው። ‹ዝሆን ሞተ› ቢሉህ ዜና ነው። ‹የእገሊት እናት ሞተች› ቢሉህ ግን ሐዘን ነው። በዓለም ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች 500 እንኳ አይሞሉም፤ ያሉትም እኛው ተራሮች ላይ ብቻ ነው። አምስት መቶ ማለት እኮ የአንድ ሰርግ ጥሪ ነው። አንድ በአንድ ለማወቅ የሚበዛ ቁጥር አይደለም።

አሁን ወደ ዲንሾ፣ ወደ ራሳችንም አቆጣጠር ልመለስ። በ1997 ዓ.ም. ጥር ላይ ያንኑ ሌንስ ድጋሚ ተዋስኩ። ወዳጄ ‹‹ደግሞ ልታሰድበኝ ነው?›› ብሎ እየሳቀ ሰጠኝ። እዚያ ስደርስ ሽማግሌው ስካውት አልረሱኝም። ‹‹ላሚቱ ደህና ናት?›› ብለው ተቀበሉኝ። ይገባኛል፤ ዋጥኩት።

‹‹ጋሼ፣ ዘንድሮ እርስዎ እንዳሉኝ ነው የምሆነው›› አልኳቸው።

‹‹እንግዲያው መጀመሪያ ቁጭ በል›› አሉ።

ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሣሩ ላይ አመዳይ እንደተጋገረ፣ አንድ ድንጋይ ጀርባ ተቀመጥን። ከዲንሾ ገበያ የገዛሁትን ግማሽ ኩንታል የማይሞላ ገብስ ከነማዳበሪያው ድንጋዩ ላይ አድርጌ ሌንሱን አስተኛሁበት። ዘዴው የእኔ አይደለም፤ በመኪና መስኮት የሚያነሱ ባለሙያዎች ባቄላ የሞሉት ከረጢት ይጠቀማሉ ሲባል አንብቤ ነው። ገብሱ ሌንሱን አቅፎ ያዘው። ፍጥነቱን 500ኛ ላይ አደረግሁ። ከዚያ ምንም አላደረግንም። አንድ ሰዓት አለፈ። ጣቴ ደነዘዘ። ሽማግሌው ቆሎ ከኪሳቸው እያወጡ ድምፅ ሳያሰሙ ይቆረጥማሉ። እኔ ወደ ግራ ሳይ እሳቸው ወደ ቀኝ በአገጫቸው አሳዩኝ።

አንዲት ሴት አጋዘን ግልገሏን አስከትላ ከቁጥቋጦው ወጣች። አየችን። እኛም አየናት። ቆመች፤ ጆሮዋን አዞረች። አልተነሣንም። ከዚያ እንደ ድንጋይ ቆጠረችንና ጎንበስ ብላ መብላት ቀጠለች። ሰላሳ እርምጃ ያህል ብትርቅ ነው። ፎከሱን ዓይኗ ላይ አደረግሁ፤ ትንፋሼን አወጣሁ፤ ጣቴን ቀስ ብዬ ተጫንኩ። በሁለት ሰዓት ከግማሽ ውስጥ ያነሳሁት አምስት ፎቶ ብቻ ነው። ፀሐይዋ ስትበረታ ሽማግሌው ትከሻዬን ነክተው ‹‹ይበቃታል፣ ትብላበት›› አሉኝ። ተነስተን በመጣንበት ተመለስን። አጋዘኗ አልሮጠችም።

ፎቶውን በሰው አልላክሁትም። በመጋቢት ራሴ ይዤ ሄድኩ። ሽማግሌው ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ፀሐይ እየሞቁ ነበር። ተቀበሉኝና ከዓይናቸው ራቅ አድርገው ያዙት። አላዞሩትም። ትንሽ ቆዩና፣

‹‹ውይ! ይቺማ ጆሮዋ የተቀደደው ናት!›› አሉ። ‹‹አምና ግልገሏን ጅብ የበላባት! ይሄ የዘንድሮው ነው ማለት ነው።››

እኔ ጆሮዋ መቀደዱን አላየሁም ነበር። ከእጃቸው ተቀብዬ ሳይ እውነትም የግራ ጆሮዋ ጫፍ ላይ የጥፍር ያህል ቅድ አለች። ሽማግሌው ፎቶውን መልሰው ወሰዱና ካፖርታቸውን ከፍተው የደረት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት።

‹‹ቤት ወስጄ ለሚስቴ አሳያታለሁ›› አሉ። ‹‹ሁልጊዜ ስለሷ ስነግራት አታውቃትም ነበር።››